«አፕል ሳይደር ቪኒገር» ከየካ አባዶ ሲታይ

ኔትፍሊክስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ለተመልካች ያቀረበው «አፕል ሳይደር ቪኒገር» የተሰኘ ባለ ስድስት ክፍል ተከታታይ ፊልም እኔ ዘንድ የደረሰው በፍላሽ ዲስክ ነው፡፡ ያመጣችልኝ አብራኝ የምትሠራ ነርስ ስትሆን፣ «ዶክተር፣ ይህን ይመልከቱት፤ ስለ እኛ ታካሚዎች የተሠራ ይመስላል» ነበር ያለችኝ፡፡ ታሪኩ የአውስትራሊያ ነው፡፡ እኛ የምንሠራበት ጤና ተቋም ደግሞ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ይገኛል፡፡ ስድስቱንም ክፍል ካየሁ በኋላ የነርሷ አባባል ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ደግሞ ስሕተት ሆኖ አገኘሁት፡፡ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ሁለቱን ግማሾች የመለየት ፍላጎት ነው፡፡

ፊልሙን ላላዩ የሙያ ባልደረቦች የታሪኩን እውነተኛ መነሻ ባጭሩ ላስታውስ፡፡ ቤል ጊብሰን የተባለች አውስትራሊያዊት ወጣት የአንጎል ካንሰር እንዳለባት፣ የመኖር ተስፋዋም አጭር መሆኑ እንደተነገራት፣ እርሷ ግን የተለመደውን ሕክምና ትታ በአመጋገብ ራሷን እየፈወሰች እንደሆነ ለሕዝብ ታወራ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2013 «ዘ ሆል ፓንትሪ» የተባለ የስልክ መተግበሪያ አወጣች፤ በ2014 ደግሞ የፔንግዊን ማተሚያ ድርጅት በዚሁ ስም የምግብ መጽሐፍ አሳተመላት፡፡ አፕል ኩባንያም ለአዲሱ የእጅ ሰዓቱ ካዘጋጃቸው መተግበሪያዎች መካከል የእርሷን አካትቶ ነበር፡፡ በመጋቢት 2015 ጋዜጠኞች ለበጎ አድራጎት እሰጣለሁ እያለች የሰበሰበችው ገንዘብ ለተባለው ዓላማ አለመድረሱን አጋለጡ፡፡ በሚቀጥለው ወር ካንሰር የሚባል ነገር ከቶ እንዳልነበረባት አመነች፡፡ የአገሪቱ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2017 410,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣት፤ አሳታሚውም የሕመሟን ታሪክ ሳያጣራ መጽሐፉን በማውጣቱ 30,000 ዶላር እንዲከፍል ሆነ፡፡ አንድ ተራ ታካሚ ከወረዳ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ሲላክ ስንት ወረቀት እንደምንጠይቀው ሳስብ፣ በዓለም የታወቀ አሳታሚ አንዲት የፓቶሎጂ ወረቀት ሳያይ «ዳንሁ» የሚል መጽሐፍ ማተሙ እስካሁን ይገርመኛል፡፡

ፊልሙን እንደ ፊልም ለሚመዝነው ሰው የሚያስመሰግነው ነገር አለው፡፡ የታሪኩ አዘጋጅ ሳማንታ ስትራውስ ጊዜውን ፊትና ኋላ እያደረገች ስለምትተርክ መከተሉ አንዳንዴ ያደክማል (እኔ ሁለተኛውን ክፍል ደግሜ ለማየት ተገድጃለሁ)፡፡ ይሁን እንጂ ኬትሊን ዴቨር ቤልን ሆና ስትጫወት የምታሳየን ተራ አጭበርባሪን ሳይሆን፣ ሰው እንዲወዳትና እንዲያዝንላት የተራበች ሴትን ነው፡፡ ሉሲ የተባለችው ገጸ ባሕርይም ለእኛ እንግዳ አይደለችም፡፡ የጡት ካንሰር ታካሚ ናት፤ ኬሞቴራፒው አድክሟታል፤ ከሐኪሟ ያጣችውን ተስፋና ማጽናኛ ከስልኳ ትፈልጋለች፡፡

ቅሬታዬ ፊልሙ ውሸታሟን መሐል ላይ በማስቀመጡ ነው፡፡ ተመልካቹ የመጨረሻውን ክፍል ጨርሶ ሲነሣ ይዞት የሚሄደው ትምህርት «ከአጭበርባሪ ተጠንቀቅ» የሚል ይሆናል፡፡ ይህ ለጋዜጠኛ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ለጤና ባለሙያ ግን አይበቃም፡፡ የከፋው አደጋ ከውሸታሟ ጎን በቆመችው፣ ከልቧ ባመነችው ሴት ታሪክ ውስጥ ነው ያለው፡፡

ያቺ ሴት በፊልሙ ውስጥ ሚላ ትባላለች፡፡ ገጸ ባሕርይዋ ልብ ወለድ ብትሆንም ታሪኳ በብዙ መንገድ ከጄሲካ አይንስኮው ሕይወት ጋር ይመሳሰላል፡፡ አይንስኮው «የጤንነት ተዋጊ» በሚል መጠሪያ በአገሯ እጅግ የታወቀች ነበረች፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ22 ዓመቷ፣ በግራ እጇ ላይ ኤፒተሎይድ ሳርኮማ ተገኘባት፡፡ በእጇ ላይ ብቻ ተወስኖ የሚሰጥ ኬሞቴራፒ ወሰደች፤ ዕጢው ግን ተመልሶ መጣ፡፡ ሐኪሞቿ እጇ ከነትከሻዋ እንዲወገድ መከሯት፤ አልተቀበለችም፡፡ በምትኩ የጌርሰን ሕክምና የሚባለውን መንገድ ያዘች፡፡ ይኸውም በቀን 13 ጊዜ ያህል የአትክልትና የፍራፍሬ ጭማቂ መጠጣትን፣ በቡና አንጀትን ማጠብንና ጥብቅ የአመጋገብ ሥርዓትን የሚያዝዝ ነው፡፡ (ቡናን በዚህ በኩል መውሰድ በቡና አገር ገና አለመለመዱ አንድ መጽናኛ ነው፡፡) እናቷ በ2011 የጡት ካንሰር ሲገኝባቸው የልጃቸውን መንገድ ተከተሉ፤ በ2013 ሞቱ፡፡ ጄሲካ ራሷ በየካቲት 2015፣ በ29 ዓመቷ አረፈች፡፡

ይህች ሴት ታምማ ነበር፤ ስለ ሕመሟም አልዋሸችም፡፡ ታዲያ ለዓመታት ድኛለሁ ብላ ያመነችው እንዴት ነው? መልሱ በበሽታው ባሕርይ ውስጥ አለ፡፡ ይህ ዓይነቱ ሳርኮማ በብዙ ታካሚዎች ላይ ቀስ እያለ፣ ለዓመታት የሚጓዝ ነው፡፡ ዕጢው በራሱ ዝግታ የሰጣትን ዕድሜ እርሷ ለጭማቂው መዘገበችለት፡፡ በእኛም ዘንድ ተመሳሳዩን እናያለን፡፡ እብጠቱ በቀዶ ሕክምና የወጣላት፣ ቀጥሎ ሊሰጣት የነበረውን ኬሞቴራፒ እምቢ ብላ ጥቁር አዝሙድና ማር የያዘች ሴት ሁለትና ሦስት ዓመት ደኅና ሆና ልትቆይ ትችላለች፡፡ ዕድሜ የሰጣት ቀዶ ሕክምናው ነው፤ የምትመሰክረው ግን ለአዝሙዱ ነው፡፡ በሽታው በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ምስክርነቷን ለማስተካከል አቅሙም ፍላጎቱም አይኖራትም፡፡ በመሆኑም በስልክ መስኮት ላይ የሚታዩት ሁልጊዜ በመካከለኛው ዘመን ላይ ያሉት ብቻ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው በለቅሶ ቤት ይቀራል፡፡

ወደ የካ አባዶ ልመለስ፡፡ ባለፈው ዓመት አንዲት የ46 ዓመት መምህርት ወደ እኛ መጡ፡፡ (ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸውን ሊያሳውቅ የሚችለውን ነገር ለውጫለሁ፡፡) በቀኝ ጡታቸው ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት ካገኙ 14 ወራት አልፈው ነበር፡፡ እኔ ስመረምራቸው እብጠቱ ሎሚ አክሏል፤ ከላዩ ያለው ቆዳ ተኮማትሯል፤ በብብታቸው ውስጥም እርስ በርስ የተጣበቁ ዕጢዎች በእጅ ይዳሰሱ ነበር፡፡ በቀጭን መርፌ የተወሰደው ናሙና ሁላችንም የጠረጠርነውን አረጋገጠ፡፡

በ14ቱ ወራት ውስጥ መምህርቷ ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም፡፡ በየማለዳው ሁለት ማንኪያ የአፕል አቼቶ በለብ ባለ ውኃ ይጠጡ ነበር፡፡ ስኳርና ሥጋ ትተዋል፤ «ካንሰሩን ለማስራብ» በሚል በሳምንት ሁለት ቀን ከውኃ በቀር አይቀምሱም፡፡ ይህን ሁሉ የተማሩት ስሙን እዚህ ከማልጠቅሰው፣ እጅግ ብዙ ተከታዮች ካሉት የታወቀ ሰው ነው፡፡ ሰውየው ሐኪም አይደለም፤ ነኝም አላለም፡፡ ዝነኛነቱን ያገኘው በሌላ ሙያ ሲሆን፣ ራሱን ከከባድ ሕመም እንዳዳነ ይናገራል፤ ዱቄትም ይሸጣል፡፡ መምህርቷ የተማሩ፣ ጋዜጣ የሚያነቡ፣ ለተማሪዎቻቸው ሳይንስ የሚያስተምሩ ሴት ናቸው፡፡ «እንዴት እርስዎ?» የሚለው ጥያቄ ከአፌ ሊወጣ ሲል በጊዜ መለስሁት፡፡ ደግ አደረግሁ፤ ምክንያቱም እርሳቸው ራሳቸው፣ ሳልጠይቃቸው፣ እንዲህ ሲሉ ነገሩኝ፡፡ እብጠቱን እንዳገኙ በዚያው ሳምንት ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄደው ነበር፡፡ የመረመራቸው ባለሙያ ከወረቀቱ ቀና ሳይል የአልትራሳውንድ ማዘዣ ጻፈላቸው፤ ከምግብ ምን እንደሚሻላቸው ሲጠይቁት ሳቀ፡፡ «ዶክተር፣ እዚያ ስጠይቅ ግን በስሜ ጠርቶ ነው የሚመልስልኝ» አሉኝ፤ ስልካቸውን እያሳዩ፡፡

የተማረ ሰው በዚህ አይያዝም የሚለው ግምታችን በጥናትም የሚደገፍ አይደለም፡፡ በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በአገሪቱ የካንሰር ተቋም መጽሔት ላይ ባወጡት ሥራ፣ ሊድን የሚችል ካንሰር ኖሮባቸው በአማራጭ ሕክምና ብቻ የተወሰኑ 281 ሰዎችን የተለመደውን ሕክምና ከወሰዱ ተመሳሳይ ታካሚዎች ጋር አነጻጽረዋል፡፡ የመሞት ዕድላቸው በአጠቃላይ 2.5 እጥፍ፣ በጡት ካንሰር 5.68፣ በትልቁ አንጀት ካንሰር 4.57፣ በሳንባ ካንሰር ደግሞ 2.17 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል፡፡ ጥናቱ በመዝገብ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ የራሱ ጉድለት አለው፡፡ ይሁንና ሁለት ነገር ልብ ይሏል፡፡ አንደኛ፣ ልዩነቱ እጅግ የሰፋው ሕክምናችን በሚገባ በሚሠራበት በጡት ካንሰር ላይ ነው፡፡ ሁለተኛ፣ አማራጩን የመረጡት ሰዎች በገቢም በትምህርትም ከሌሎቹ የተሻሉ ነበሩ፡፡

እኛ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ከዚህ ቀደም በገዛ አገራችን አይተናል፡፡ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ብዙ የኤች አይ ቪ ታካሚዎች ወደ እንጦጦ ይወጡ፣ በጠበሉ አካባቢ ቤት እየተከራዩ ይሰነብቱ ነበር፡፡ በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ወደዚያ የሄዱት ሆስፒታሉን ንቀው አልነበረም፤ ሆስፒታሉ የሚሰጣቸው ነገር ስላልነበረው ነው፡፡ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፡፡ መድኃኒቱ ከመጣ በኋላም ግን ጠበልና ክኒን አብረው አይሄዱም የሚለው ወሬ በመናኘቱ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ነበሩ፡፡ የዚህን ወሬ ኃይል ለመስበር የረዳው የእኛ ቁጣ አልነበረም፡፡ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናገሩ፡፡ ከዚያ በኋላ ታካሚው ሁለቱን አመሳክሮ ለመኖር ፈቃድ አገኘ፤ ከነርሷም የሚደብቀው ነገር ቀነሰ፡፡ የዛሬዎቹን ዝነኞች ከዚያ ጋር አንድ አድርጌ ማየቴ አይደለም፡፡ ጠበል የጸበልተኛውን ተከታይነት አይቆጥርም፤ የዱቄት ማሰሮም አይሸጥም፡፡ የማነሣው ለአንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ይኸውም የሚገድለው ብዙውን ጊዜ የሚጠጣው ነገር ሳይሆን «ወይ ይህ ወይ ያ» የሚለው ምርጫ መሆኑ ነው፡፡

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶች፡፡ ዛሬ ታካሚዎቻችን የሚደብቁን በሽታውን ሳይሆን መድኃኒቱን ነው፡፡ አቼቶ በምግብ መጠን ማንንም አይጎዳም፤ በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ ግን የጥርስን ልባስ ይሸረሽራል፣ ጉሮሮን ያቃጥላል፣ የደም ፖታሲየምንም ዝቅ እንዳደረገ ተመዝግቧል፡፡ ለደም ግፊት ሽንት የሚያበዛ ክኒን በሚወስድ ሰው ላይ ይህ የመጨረሻው ጉዳት ቀላል አይደለም፡፡ አብሽ የደም ስኳር ስለሚቀንስ ከስኳር በሽታ መድኃኒት ጋር ሲደመር ታካሚውን ሊጥል ይችላል፡፡ በዋርፋሪን ላይ ያለ ሰው ነጭ ሽንኩርትን እንደ መድኃኒት አብዝቶ ቢወስድ ሊደማ ይችላል፡፡ ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ ዐይንን እንደሚያሳውር የቀደሙት ሐኪሞቻችን አስተምረውናል፡፡ ይህን ሁሉ ለባልደረቦቼ መዘርዘር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል፡፡ ነገር ግን «ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ከሚለው ቀጥለን «ቤት ውስጥስ ምን ይጠጣሉ?» ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? የምንጠይቅስ ብንሆን በምን ዓይነት ፊት? እኔ ራሴ መምህርቷ እስኪመጡ ድረስ ይህን ጥያቄ እጠይቅ የነበረው ለመውቀስ እንደተዘጋጀ ሰው ነበር፡፡

ዕፅዋትን በጅምላ መናቅም አያዋጣንም፡፡ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከበታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባያዩና ነገሩን ወደ ላቦራቶሪ ባይወስዱት ኖሮ፣ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ለመቆጣጠር የሚያስችለውን ያን ዕውቀት ባላገኘን ነበር፡፡ በእርሳቸውና በስልኩ መምህር መካከል ያለው ልዩነት አንዱ ያየውን ለመፈተን መድከሙ፣ ሌላው ያየውን ለመሸጥ መቸኮሉ ነው፡፡ የእኛም ቤት ቢሆን ንጹሕ አይደለም፡፡ የአፕል አቼቶ ክብደት ይቀንሳል የሚል በሊባኖስ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ወጥቶ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ፣ በአኃዞቹ ላይ በተነሣው ጥርጣሬ ምክንያት በ2025 ተሰርዟል፡፡ የወጣ ጊዜ የሰማው ሕዝብ መሰረዙን አልሰማም፡፡

ይህን ሕግ ይፈታዋል ብለው ተስፋ የሚያደርጉ አሉ፡፡ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 እና የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥተዋል፤ ዱቄቱን የሚሸጠውን ሰው መጠየቅ ተገቢ ነው፡፡ ሆኖም «እኔ እንዲህ አድርጌ ዳንሁ» የሚል ሰው ማስታወቂያ ሠራ ወይስ ስለ ራሱ ሕይወት ተናገረ? በቤል ጊብሰን ላይ የተወሰነው 410,000 ዶላር እንኳ የተቆጠረው ለበጎ አድራጎት እሰጣለሁ ብላ ባልሰጠችው ገንዘብ ላይ ነበር፡፡ እርሷን አምነው ሕክምናቸውን ያዘገዩ ሰዎች በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልገቡም፡፡ ፊልሙም በዚህ ረገድ ከፍርድ ቤቱ አይሻልም፡፡ በመጨረሻው ላይ ቤል ምን እንደደረሰባት ተመልካቹ ራሱ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ እንዲያገኝ ይነግረውና ይሰናበተዋል፡፡ ቀልዱ ይገባኛል፡፡ ነገር ግን ሉሲን ከአልጋዋ ወደ ቤል የወሰዳት ያው «ራስሽ ፈልገሽ አግኚ» የሚለው ምክር አልነበረምን?

ነርሷ «ስለ እኛ ታካሚዎች የተሠራ ይመስላል» ስትል ትክክል የሆነችው በሉሲና በሚላ ላይ ነው፡፡ የሳተችው ደግሞ ፊልሙ ስለ እኛም፣ ስለ ባለሙያዎቹም፣ መሆኑን ባለማንሣቷ ነው፡፡ በአንድ ጠዋት ሠላሳና አርባ ሰው በሚታይበት ክፍል ውስጥ ለአንዲት የፈራች ሴት የሚተርፈው ደቂቃ ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፡፡ የስልኩ ሰው ግን እኩለ ሌሊትም ላይ አለ፡፡ መምህርቷን ባየሁበት ቀን ተራ የሚጠብቁትን አስፈቅጄ ግማሽ ሰዓት ሰጠኋቸው፤ ከበር ውጪ የነበረው ጉርምርምታ ተገቢ ነበር፡፡ በዚያ ግማሽ ሰዓት ስለ ስልኩ ሰው አንድም ክፉ ቃል አልተናገርሁም፡፡ የጠየቅኋቸው አቼቶው ለምን ደስ እንዳላቸው ነበር፡፡ «በእጄ የማደርገው ነገር እርሱ ብቻ ነበር» አሉኝ፡፡ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ኬሞቴራፒ የተነጋገርነው፡፡ መጀመሪያ የጠየቁኝ ጾማቸውን መቀጠል ይችሉ እንደሆነ ሲሆን፣ ከውኃ በቀር አለመቅመሱን በሕክምናው ወራት እንዲያቆዩት፣ አቼቶውን ግን ከፈለጉ ሰላጣ ላይ እንዲያደርጉት ነገርኋቸው፡፡

ዕጢው ወደ ብብት በመዝለቁ ቀዶ ሕክምናው የሚመጣው ከኬሞቴራፒው በኋላ ነው፡፡ ለሕክምናው በየሦስት ሳምንቱ ከየካ አባዶ በመገናኛ በኩል ወደ ጥቁር አንበሳ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ሊፍት በሌለው ሕንፃ እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣሉ፡፡ በየደረጃው የሚያርፉበትን ቦታ ጎረቤቶቻቸው ያውቁታል፤ በሁለተኛው ፎቅ ላይ በርጩማ አስቀምጠውላቸዋል፡፡ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ለደም ምርመራ እኛ ዘንድ መጥተው ነበር፡፡ እብጠቱ በጉልህ ቀንሷል፤ የወደፊቱን ግን ማንም ቃል ሊገባላቸው አይችልም፣ እኔም አልገባሁላቸውም፡፡ ሲወጡ ከቦርሳቸው ግማሽ የቀረ የአቼቶ ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩትና፣ «ለሰላጣ ይሁንልዎ፤ እኔ ሽታውም አላስቀመጠኝ» አሉኝ፡፡ ነርሷ ወስዳ በምሳ መክተቻችን መደርደሪያ ላይ አድርጋዋለች፡፡